ባሚያ

ሰባት ሰዓት ሆኗል። ከዚራ፣ ጥላው ራሱ ከግንዱ ስር ተኝቷል፤
ባጃጄን አቁሜ፣ ላቤን እየጠረግኩ ስገባ፣ ምሳችን ቀርቧል።
ሲትራ ግን፣ የሦስት ዓመቷ፣ ጉንጯን እንደ ፊኛ ነፍታ፣
አፏን እንደ መጋላ ሱቅ ለቀትር ዘግታ፣
እስከ አስር ሰዓት አልከፍትም የሚል ፊት
ይዛ ተቀምጣለች፣ ከሳህኑ ፊት።

የምትበላው ነገር ነጭ የሆነ ብቻ፤
ባስታ ያለ ስጎ፣ ሩዝ ያለ ቅመም፣ ዳቦም ቅርፊቱ ተልጦ ለብቻ።
አንድ ነጥብ ካየች፣ ቀይ ቢሆን አረንጓዴ፣
"ቆሻሻ አለው!" ትላለች፤ ይግባኝ የለው፣ ፍርዷ አንዴ ነው፣ አንዴ።

ያልሞከርነው የለም።
ማንኪያውን ባጃጅ አድርጌ "ዲት ዲት፣ አሳልፊኝ!" እያልኩ፣
ከሳቢያን ተነስቼ፣ በአሸዋ ዞሬ፣ አፏ በር ስደርስ ቆምኩ፤
ትራፊኳ እሷ ናት፤ እጇን ዘረጋች፣
ምስሩን ከነማንኪያው ሸሚዜ ላይ አራገፈች።
ሂንዲያ በስልኳ ካርቱን ከፈተች፤
ልጅቷ አየች እንጂ አልዋጠች።
"ሁለት ጉርሻ ብቻ፣ ከዚያ ብስኩት" አልናት፤
ብስኩቱን በላች፣ ጉርሻው ግን ማታ ጉንጯ ውስጥ ተገኘባት።
"ጅብ ይመጣል!" አልኩ አንድ ቀን፤ አፈርኩኝ በኋላ፤
"ይምጣ፣ ለሱ ስጠው" አለችኝ፣ "እሱ ይብላ።"

ኢዶ ሩቂያ፣ ቀፊራ ቲማቲም የምትሸጥ ጎረቤት፣
ሰባት ልጅ አሳድጋ አንዱንም በግድ ያላጎረሰች ሴት፣
በመስኮት ስትሰማን ከርማ ኖሮ፣ አንድ ቀን ገባች፣
"አቦ ተዋት!" አለች።
"ያንተ ስራ ማቅረብ ነው፣ የሷ ስራ መብላት፤
ስራዋን አትቀማት።
ጠዋት ብስኩት፣ ረፋድ ጁስ፣ ስትልስ፣ ስትጠባ ውላ፣
ሆዷ መች ባዶ ሆኖ ነው ደግሞ ምሳ የምትበላ?
ትንሽ አድርግላት፣ የጥፍሯን ያህል፤
ነገም አቅርብላት፣ ዝም በል።
ልጅ አዲስ ምግብን እንደ እንግዳ ሰው ነው የሚያየው፤ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ሆኖ
አስር ቀን ይሰልለዋል፤ ከዚያ ነው የሚቀርበው፣ እሱው ወዶ፣ እሱው አምኖ።"

ዝም አልን። ዝም ማለት ከማጉረስ ይከብዳል።
የጥፍር ያህል ካሮት ከባስታው ዳር ይቀመጣል፣ ይነሳል።
አራተኛው ቀን ነካችው። ስድስተኛው ቀን አሸተተች።
ዘጠነኛው ቀን ላሰችው፣ ምላሷን በቀሚሷ ጠረገች።

በአስራ አንደኛው ቀን ሂንዲያ ባሚያ ሰርታ ነበር።
እኔ፣ እንደ ልማዴ (ልማዴ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት)
ዓይኔ ሳያይ እጄ ባሚያውን አንድ በአንድ ወደ ዳር ገፋሁት።
ቀና ስል፣ ሲትራ!
ጣቴን ታያለች፤ እሷም በሌባ ጣቷ፣ በዚያው ተራ
ካሮቷን ወደ ዳር ትገፋለች፣ ፍሬ በፍሬ።
"ይቺ ልጅ ከማን ወጣች?" ስል ነው ሦስት ዓመት የኖርኩት፤ መልሱ ሳህኔ ላይ ነው፣ ዛሬ።
ሂንዲያ አየችኝ። ምንም አልወጣትም፤
ሳቋን ግን ውሃ ጠጥታም አልዋጠችውም።

ሠላሳ አራት ዓመት ባሚያ አልቀመስኩም፣ እናቴ ለምናኝ፣ አባቴ ተቆጥቶኝ።
አንዷን አነሳሁ። ሁለቱ ሴቶች እያዩኝ።
እንደ ሳሙና ተሟለጨች፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች፤ አሰበች፤ ወረደች።
"ጨረስክ?" አለች ሲትራ። "አፍህን ክፈት" አለች።
ከፈትኩ። ተንጠራርታ እስከ ላንቃዬ ጥግ ፈተሸች፣
ምላሴን አስነስታ ስሩን አየች፣
ካሮቷን አነሳች፣
ከጫፉ ነከሰች፣
ፊቷን እንደ ሎሚ አጨማደደች፣
ዋጠች።
የቀረውን ቁራጭ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተተች፤
"ለነገ" አለች።